ቅርጹን ሳያውቁ መጥራት

«ጋሼ፣ በእጄ ያለው የሰርቪሱ አድራሻ ብቻ ነው። ምን ዓይነት ዳታ እንደሚቀበልና ምን እንደሚመልስ ፕሮግራሙ የሚያውቀው ሥራ ላይ እያለ ነው። የማላውቀውን ነገር የሚጠራ ኮድ አሁን እንዴት አድርጌ ልጻፍ?»

ጠያቂዋ የመሥሪያ ቤቷን ሲስተም ከብዙ አጋር ድርጅቶች ሲስተሞች ጋር እንድታገናኝ የተመደበች ወጣት ፕሮግራመር ናት። እያንዳንዱ አጋር የራሱ ዌብ ሰርቪስ አለው። እስካሁን በነበረው አሠራር አዲስ አጋር በመጣ ቁጥር ኮድ ይጻፋል፣ ይፈተሻል፣ ሲስተሙ ቆሞ እንደገና ይነሣል። አለቆቿ ይህ እንዲቀር ይፈልጋሉ። የሰርቪሱ አድራሻና የኦፕሬሽኑ ስም ሰንጠረዥ ላይ ሲመዘገብ ሌላውን ሁሉ ራሱ የሚወጣ አንድ ፕሮግራም ሥሪ ብለዋታል። መላሹ ሶፕ የሚባለው ፕሮቶኮል አዲስ ከነበረበት ጊዜ አንሥቶ ሲስተሞችን ሲያገናኙ የኖሩ ባለሙያ ናቸው።

«ይቻላል» አሉ ባለሙያው ገና ከመነሻው። «እንዲያውም እንዲቻል ታስቦ የተሠራ ነው። በ2001 እ.ኤ.አ. አሪባ፣ አይቢኤምና ማይክሮሶፍት ዊዝደል የሚባለውን የሰርቪስ መግለጫ ለድር መስፈርት አውጪው ደብሊውስሪሲ ሲያቀርቡ ሐሳቡ ይኸው ነበር፤ ሰርቪሱ በማሽን በሚነበብ ሰነድ ራሱን ይግለጽ። የትኞቹ ኦፕሬሽኖች እንዳሉት፣ እያንዳንዱ ምን ተቀብሎ ምን እንደሚመልስ፣ መልእክቱ ወደ የትኛው አድራሻ እንደሚላክ ሁሉም እዚያ አለ። የዳታ ዓይነቶቹን የሚገልጸው ኤክስኤምኤል ስኪማ ነው፤ እሱም የጸደቀው በዚያው ዓመት ነው።»

«ታዲያ ሰው ሁሉ ለምን ከዊዝደሉ ክላስ አመንጭቶ ይሠራል?»

«ስለሚመች ነዋ! የጃቫ ወይም የሲሻርፕ ክላሶች ተዘጋጅተው ይሰጡሻል፤ የመስክ ስም ብትሳሳቺ ኮምፓይለሩ ወዲያው ይነግርሻል። አጋርሽ አንድ ቢሆንና ቶሎ ቶሎ ባይለዋወጥ እኔም የምመርጠው እሱን ነው። ያንቺ ችግር የአጋሮቹ ብዛትና ነገ ማን እንደሚመጣ አለመታወቁ ነው።»

ባለሙያው ከቀላሉ ጀመሩ። ምሳሌያቸው ቪየስ ነው፤ የአውሮፓ ኮሚሽን የተጨማሪ እሴት ታክስ ቁጥርን ለማረጋገጥ ለሕዝብ የከፈተው ሰርቪስ። ቼክቫት የተባለው ኦፕሬሽኑ የሚቀበለው ሁለት ጽሑፎችን ብቻ ነው፤ የአገር ኮድና የታክስ ቁጥር። ሲመልስ ሁለቱን ደግሞ፣ የተጠየቀበትን ቀን፣ ቁጥሩ ትክክል መሆን አለመሆኑን፣ የድርጅቱን ስምና አድራሻ ይጨምራል። ዚፕ የተባለው የፓይተን ላይብረሪ (ፋይል ከሚታመቅበት ዚፕ ጋር አይምታታ) ይህን ዊዝደል አንብቦ ኦፕሬሽኖቹን ከነዓይነታቸው ይዘረዝራል፤ ከዚያ በኋላ የሁለቱን መስኮች ስምና ዋጋ መስጠት ይበቃል። ቀድሞ የተዘጋጀ ክላስ የለም፣ ኮምፓይል የሚደረግም ነገር የለም።

«በቃ፣ ይኸው ነው?» አለች ወጣቷ።

«ቆዪ፣ መልሱን እስኪ እዪው። አንዳንድ አባል አገሮች የድርጅቱን ስምና አድራሻ አይሰጡም። የጀርመንን ቁጥር ስትጠይቂ በስሙ ቦታ የምታገኚው ሦስት ሰረዝ ነው። ስኪማው ‹ስም ጽሑፍ ነው› ይላል፤ ሦስት ሰረዝም ጽሑፍ ነው። ፕሮግራምሽ ምንም ሳይጠረጥር ‹---› የሚባል ድርጅት ዳታቤዝ ውስጥ ይመዘግባል።»

ጨዋታው ከዚህ በኋላ ወደ ውስብስቡ ቢያልፍም የሦስቱ ሰረዝ ነገር ችላ የሚባል አይደለም። ማሽኑ ከሰነዱ አንብቦ የሚረዳው የዳታውን ቅርጽ ነው። ዳታው ምን ማለት እንደሆነ ግን ሰነዱ ላይ አልተጻፈም፤ ብዙ የዳይናሚክ ጥሪ (ቅርጹን ሳያውቁ የመጥራት) ፕሮጀክቶች የሚሰናከሉትም ሁለቱን አንድ አድርገው ሲጀምሩ ነው።

«የኔዎቹ እንዲህ ቀላል አይደሉም» አለች። «አንደኛው አጋር የሚቀበለው ትእዛዝ ውስጥ ደንበኛ አለ፣ ደንበኛው ውስጥ አድራሻዎች አሉ፣ ቀጥሎ የዕቃ ዝርዝር አለ፣ አንዱ ዕቃ ደግሞ ሌሎች ዕቃዎችን በውስጡ ሊይዝ ይችላል። በአፓቺ ሲኤክስኤፍ ዳይናሚክ ክላየንት ሞክሬዋለሁ። ዊዝደሉን አውርዶ፣ የጃቫ ክላሶችን ጽፎ፣ እዚያው ኮምፓይል አድርጎ ይጭናቸዋል። ኮዴ ሲጻፍ ግን ክላሶቹ ስላልነበሩ በስማቸው ልጠራቸው አልችልም። በሪፍሌክሽን ክላሱን እፈልጋለሁ፣ ኦብጀክት እፈጥራለሁ፣ ሴተሩን እፈልጋለሁ፣ ዋጋ እሰጣለሁ፤ ወደ ውስጥ በገባሁ ቁጥር ያንኑ እደግማለሁ።»

«መንገዱ ይሠራል፤ ብዙ ሰው ሄዶበታል። ዶትኔት ላይም ነገሩ ያው ነው፤ ሰርቪስ ዲስክሪፕሽን ኢምፖርተር ክላሱን ያመነጫል፣ ኮድዶም ኮምፓይል ያደርጋል፣ አክቲቬተር ኦብጀክቱን ይፈጥራል። ግን አልመክርሽም። ኮምፓይለር ባልተጫነበት ሰርቨር ላይ ይቆምብሻል። ለእያንዳንዱ ጥሪ ክላየንቱን እንደ አዲስ ከፈጠርሽው ክላሶቹ ሜሞሪ ላይ እየተከመሩ ሰርቨሩን ያንቁታል። ዋናው ነገር ደግሞ ክላስ የሚጠቅመው ኮድ ለሚጽፍ ሰው ነው። አንቺ ኮዱን ስትጽፊ የማታዪውን ክላስ ማን ይጠቀምበታል? ወደ ሰርቨሩ የሚሄደው ኤክስኤምኤል ነው፤ በቀጥታ ኤክስኤምኤሉን ሥሪ።»

የጃቫው ጃክስደብሊውኤስ ለዚህ ዲስፓች የሚባል መንገድ አለው። ፕሮግራመሩ ሙሉውን ኤንቨሎፕ (የሶፕ መልእክቱን መጠቅለያ) አዘጋጅቶ ሊሰጠው ይችላል፤ ወይም የውስጡን ይዘት ብቻ ሰጥቶ ኤንቨሎፑን ለእሱ ይተውለታል። ጃክስደብሊውኤስ ከጃቫ 11 ጀምሮ ከጄዲኬው ስለወጣ ዛሬ ለብቻው የሚጨመር ላይብረሪ ነው። ከዚህ በኋላ የሚቀረው ሥራ ስኪማውን ከላይ ወደ ታች እየተከተለ ኤለመንቶቹን በየተራ የሚያወጣ ኮድ መጻፍ ነው። ዕቃ በዕቃ ውስጥ እየገባ ማለቂያ የሌለው የሚመስለውም እዚህ ላይ ችግር አይሆንም። ኮዱ የሚወርደው የተሰጠው ዋጋ እስካለ ድረስ ነው፤ ዋጋው ሲያልቅ ይቆማል።

ይህን ካሉ በኋላ ባለሙያው ወረቀት ስበው አንድ መልእክት ጻፉ። ቦዲው ውስጥ ቼክቫት የሚለው ኤለመንት ከነኔምስፔስ ቅጥያው አለ፤ በውስጡ የአገር ኮዱና የታክስ ቁጥሩ ያለ ምንም ቅጥያ ተቀምጠዋል።

«ስሕተት ታዪበታለሽ?»

«አላይበትም። ያልተዘጋ ታግ የለም፣ ስሞቹም ትክክል ናቸው።»

«እንዲህ ያለ መልእክት ስትልኪ ብዙ ሰርቨሮች የሚመልሱልሽ ‹የአገር ኮድ አልተሰጠም› ነው። ተሰጥቷል እኮ! ዓይንሽ ያየዋል። ስኪማው አናት ላይ ኤለመንት ፎርም ዲፎልት የሚባል አትሪቢዩት አለ፤ ኳሊፋይድ ከተባለ የውስጦቹም ኤለመንቶች የኔምስፔሱ አባል መሆን አለባቸው። አንቺ ያለ ቅጥያ የላክሻቸው ሁለቱ የማንም አይደሉም። ሰርቨሩ ‹የማላውቀው ኤለመንት ነው› ብሎ ያልፋቸዋል፣ የሚፈልጋቸውን ደግሞ ያጣቸዋል። አትሪቢዩቱ ጨርሶ ካልተጻፈ ሕጉ ተገልብጦ የውስጦቹ ያለ ኔምስፔስ ይሄዳሉ። ከዚህ የተነሣ ግማሽ ቀን ሙሉ ሰርቨሩን ሲወቅሱ የሚውሉ ልጆች አይቻለሁ።»

ቅደም ተከተሉም እንደዚሁ ነው። ስኪማው ሲክወንስ ካለ የአገር ኮዱ መቅደም አለበት። ከተጠቃሚው ቅጽ የመጡት ዋጋዎች ቅደም ተከተል በማይጠብቅ ሃሽማፕ ውስጥ ከገቡ ግን አወጣጣቸው የዕድል ጉዳይ ይሆናል። ስለዚህ ኮዱ መሄድ ያለበት በስኪማው ተራ ነው፤ ማፑ ዋጋ የሚፈለግበት ቦታ ብቻ ይሁን።

ወጣቷ ሁለተኛውን አጋር አነሣች። «እዚህ ‹ክፍያ› የሚል ዓይነት አለ፤ አብስትራክት ነው ይላል። ከሱ የተወረሱ ‹የባንክ ክፍያ› እና ‹የሞባይል ክፍያ› አሉ። ፕሮግራሙ የትኛውን ይላክ?»

«ፕሮግራሙ ሊያውቅ አይችልም። ማድረግ የሚችለው ስኪማውን አስሶ ከ‹ክፍያ› የተወረሱትን ሁሉ ሰብስቦ ማቅረብ ነው። ምርጫው ከተጠቃሚው ወይም ከሰንጠረዥሽ ይመጣል። ከተመረጠ በኋላ ኤለመንቱ ላይ ኤክስኤስአይ ታይፕ የሚለውን አትሪቢዩት ጽፈሽ የትኛው እንደሆነ ትነግሪዋለሽ። ያ ካልተጻፈ ሰርቨሩ ባዶ አብስትራክት ነገር ደረሰኝ ብሎ ይመልሰዋል። ስንቀበልም ሆነ ስንልክ ሌላ የሚረሳ ነገር አለ፤ መስኩ ጨርሶ አለመኖሩ፣ ኖሮ ባዶ መሆኑና ኖሮ ‹ኒል› መባሉ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አንዳንድ ሲስተም የመጀመሪያውን ‹አትንካው›፣ የመጨረሻውን ደግሞ ‹አጥፋው› ብሎ ይረዳዋል። አድራሻ አልቀይርም ያልሽው ደንበኛ አድራሻው ተሰርዞ ታገኚዋለሽ።»

እስከዚህ ያለው ውስብስብ ነው እንጂ የማይታወቅ አይደለም፤ ስኪማው ውስጥ በትጋት የሚፈልግ ያገኘዋል። እውነተኛው ያልታወቀ ነገር የሚመጣው ስኪማው ራሱ «እዚህ ቦታ ማንኛውም ነገር ሊገባ ይችላል» ሲል ነው። የሦስተኛው አጋር መልስ እንዲህ ነበር።

«ኤክስኤስዲ ኤኒ ይላል። ዚፕ ላይ ‹ቫልዩ 1› በሚል ስም ነው የሚመጣልኝ» አለች ወጣቷ።

«ስም ስለሌለው ላይብረሪው ያወጣለት ምትክ ስም ነው። አየሽ፣ ሰዎች ይህን የሚያደርጉት ሁልጊዜ በስንፍና አይደለም። ሴልስፎርስን ተመልከቺ። ሁለት ዊዝደል ያቀርባል። ኢንተርፕራይዝ የሚባለው ለአንድ ደንበኛ ድርጅት የተሰፋ ነው፤ ድርጅቱ የጨመራቸው መስኮች ሁሉ በስምና በዓይነት አሉበት፤ አዲስ መስክ ሲጨመር ዊዝደሉም ይቀየራል። ፓርትነር የሚባለው ግን ለሁሉም ደንበኛ አንድ ነው። እዚያ ውስጥ ያለው ዓይነት ኤስኦብጀክት ብቻ ነው፤ የዓይነቱን ስም በጽሑፍ ይይዛል፣ መለያ ቁጥር ይይዛል፣ ባዶ የሚደረጉትን መስኮች ዝርዝር ይይዛል፤ የቀረው ኤኒ ነው። ያንቺን የመሰለ ሥራ የሚሠሩ ሰዎች፣ ደንበኛቸው ማን እንደሚሆን ሳያውቁ ሶፍትዌር የሚሠሩት፣ የሚይዙት ይህን ሁለተኛውን ነው።»

«መስኮቹን ታዲያ ከየት ያውቃሉ?»

«ይጠይቃሉ። ዲስክራይብ ኤስኦብጀክትስ የሚል ኦፕሬሽን አለ፤ የዓይነቱን ስም ስትሰጪው የመስኮቹን ስም፣ ዓይነት፣ ርዝመት፣ ባዶ መሆን ይችል እንደሆነ ይመልስልሻል። ዊዝደሉ ዝም ያለበትን ሰርቪሱ በራሱ አፍ ይናገራል ማለት ነው። ስለዚህ አጋርሽ ኤኒ ሲልሽ መጀመሪያ የምትፈልጊው እንዲህ ያለ ገላጭ ኦፕሬሽን እንዳለው ነው።»

የቆዩ የዶትኔት ሰርቪሶች ደግሞ ሌላ ዘዴ አላቸው። ዳታሴት የሚመልስ ሰርቪስ ዊዝደሉ ላይ የሚጽፈው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ «ስኪማ ይመጣል» እና «ከሱ በኋላ የሆነ ነገር ይመጣል»። እውነትም መልሱ ሲደርስ የሰንጠረዡ ስኪማ ከፊት፣ ዳታው ከኋላ አብረው ይገኛሉ። የጃቫ ክላስ አመንጪዎች ይህን ዊዝደል ሲያዩ ብዙ ጊዜ በስሕተት ይቆማሉ፤ ኤክስኤምኤሉን በቀጥታ የሚያነብ ፕሮግራም ግን ስኪማውን ቀድሞ አንብቦ በዚያው ዳታውን ይፈታል። ባለሙያው ክላስ አታመንጪ ያሉበት ምክንያት እዚህ ላይ ይበልጥ ጎልቶ ይታያል።

ወጣቷ የተረጋጋች መሰለች። «እንግዲህ ዓይነቱ ከታወቀልኝ ፕሮግራሙ የቀረውን ራሱ ሊሠራው ይችላል። ቀን የሚል ዓይነት ሲያይ የቀን መምረጫ ያወጣል፣ ቁጥር ሲያይ የቁጥር መስክ ያወጣል።»

«የቀኑን ነገር እናንሣው» አሉ ባለሙያው፤ ድምፃቸውም ጠንከር አለ። «የስኪማው ቀን የጎርጎርዮስ ነው። እኛ አገር ግን መዝገቡ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚያዝ መሥሪያ ቤት ብዙ ነው። አጋርሽ ያንን ቀን ሳይለውጥ ‹ቀን› በሚለው ዓይነት ውስጥ ከተተው እንበል። ጳጉሜን 5 ቀን 2016 ማለትም 2016-13-05 ሲመጣ ማረጋገጫው ‹አሥራ ሦስተኛ ወር የለም› ብሎ ይጥለዋል። ጥቅምት 30 ማለትም 2016-02-30 ሲመጣ ‹ፌብሩዋሪ 30 የለም› ይላል። እነዚህ ደጎቹ ናቸው፤ ይጮኻሉ። ጥር 12 ቀን 2016ስ? 2016-05-12 ተብሎ ሲመጣ ስኪማው በደስታ ይቀበለዋል፤ ሜይ 12 ቀን 2016 አድርጎ። ትክክለኛው ቀን ግን ጃንዋሪ 21 ቀን 2024 ነው። ከሰባት ዓመት በላይ ወደ ኋላ ሄድሽ፤ ማንም አልነገረሽም።»

ሒሳቡ ያስደነግጣል። ከ2016 ዓ.ም. 365 ቀናት ውስጥ በዚህ መንገድ ሲመጡ የሚወድቁት ስድስት ብቻ ናቸው፤ አምስቱ የጳጉሜን ቀናትና ጥቅምት 30። የቀሩት 359 ያለ አንዳች ተቃውሞ ያልፋሉ። በሌላ ወር የተፈተሸ ሲስተም ፈተናውን አልፎ ሥራ ይጀምራል፤ ስሕተቱ የሚታየው የአንድ ሰው ውል ከዓመታት በፊት አልቋል ተብሎ አገልግሎት ሲከለከል ነው። ዋጋውን የሚከፍለው በኮዱ ውስጥ እጁ የሌለበት ሰው መሆኑ ነው ጉዳዩን ከባድ የሚያደርገው።

ዓይነት በሌለበት ቦታ ፕሮግራሙ ከዋጋው ተነሥቶ ዓይነት እንዲገምት ማድረግም ተመሳሳይ አደጋ አለው። በ0911 የሚጀምር ስልክ ቁጥር ሁሉ አሃዝ ስለሆነ «ቁጥር ነው» ተብሎ ይገመታል፤ ቁጥር ሲሆን የፊተኛው ዜሮ ይጠፋል። ባለሙያው ለዚህ የሰጡት ምክር አጭር ነው፤ ሰነዱ ያላረጋገጠው ነገር ጽሑፍ ሆኖ ይቆይ።

«ሶፕ እኮ እያረጀ ነው ጋሼ። ወደ ጄሰን ስንዞር ይህ ሁሉ ይቀር ይሆን?»

«ስሙ ይለወጣል እንጂ አይቀርም። ለሬስት ሰርቪሶች ኦፕንኤፒአይ አለ፤ በ2011 እ.ኤ.አ. ስዋገር ተብሎ የተጀመረው ነው። ግራፍኪውኤል ፌስቡክ በ2015 እ.ኤ.አ. ከለቀቀው ጀምሮ ስኪማውን ራሱን መጠየቅ ይቻላል፤ ብዙዎች ግን ለደኅንነት ሲሉ ሥራ ላይ ባለው ሰርቨር ይዘጉታል። ጂአርፒሲም ሪፍሌክሽን የሚባል የራሱ መጠየቂያ አለው። ጄሰን ደግሞ ቀን የሚባል ዓይነት ጨርሶ የለውም፤ ቀኑ ጽሑፍ ሆኖ ነው የሚመጣው። አቆጣጠሩ የማን ነው የሚለው ጥያቄ ይበልጥ ያስፈልግሻል።»

ስለ ደኅንነት የተነጋገሩት ጥቂት ቢሆንም ችላ ሊባል የሚችል አይደለም። አድራሻ ከሰንጠረዥ ወስዶ ዊዝደል የሚያወርድ ፕሮግራም፣ ሰንጠረዡ ላይ መጻፍ የቻለ ሰው ወደፈለገው ቦታ ይልከዋል። ዊዝደሉ ሌላ ስኪማ አስመጣ ሊል ይችላል፤ ያ አድራሻ የመሥሪያ ቤቱ የውስጥ ሰርቨር ቢሆንስ? ኤክስኤምኤሉ ውስጥ የውጭ ኢንቲቲ ተጽፎ የሰርቨሩን ፋይል ሊያስነብብም ይችላል። ስለዚህ ኢንቲቲ ይዘጋል፣ የሚፈቀዱት አድራሻዎች ተለይተው ይታወቃሉ፣ ዊዝደሉ አንድ ጊዜ ወርዶ ከታየ በኋላ ከራስ ዲስክ ይነበባል። በየጥሪው ከአጋሩ ሰርቨር ማውረድ ያዘገያል፤ ከዚያም በላይ አጋሩ ሳይናገር የቀየረው ነገር ማንም ሳያየው ሥራ ላይ ይውላል።

«ለአለቆቼ ምን ልበላቸው? ኮድ የማይነካበት ሲስተም ነው የጠየቁኝ።»

«ኮድ አይነካም በያቸው፤ ሰው ግን ያስፈልጋል። አዲስ አጋር ሲመጣ ፕሮግራሙ ዊዝደሉን አንብቦ ረቂቅ ሰንጠረዥ ያውጣ፤ መስኩ፣ ዓይነቱ፣ ግዴታ መሆን አለመሆኑ። የቀሩትን ዓምዶች ሥራውን የሚያውቅ ሰው ይሙላ፤ አቆጣጠሩ የትኛው ነው፣ ሦስት ሰረዝ ምን ማለት ነው፣ ባዶና ኒል ምን ያደርጋሉ። ያ ሳይሞላ ጥሪው አይከፈት። የተላከውና የመጣው መልእክትም ሳይፈታ፣ እንደ መጣ ይቀመጥ፤ የሰው የግል መረጃ ካለበት ተጠብቆ። ነገ ትርጉሙን ተሳስተን ነበር ብትሉ መልሳችሁ የምትፈቱት ዋናው መልእክት ይኖራችኋል።»

ወጣቷ የሦስቱን አጋሮች ዊዝደል እንደገና አየች። የመጀመሪያው ስኪማውን ከላይ ወደ ታች በመከተል የሚሠራ ነው፤ ለሁለተኛው የክፍያ ዓይነት የሚመረጥበት ዓምድ ሰንጠረዡ ላይ ይጨመራል። ሦስተኛው ገላጭ ኦፕሬሽን ስለሌለው የናሙና መልሶች እንዲልኩላት ደብዳቤ ልትጽፍላቸው ወሰነች።

«የተሳካውን ብቻ እንዳትጠይቂ» አሉ ባለሙያው። «ያልተሳካ ጥሪ የሚመልሰውን ፎልትም ይላኩልሽ። የሶፕ ፎልት ውስጥ ዲቴይል የሚባለው ክፍል ማንኛውንም ነገር ሊይዝ ይችላል፤ አንዳንዱ እዚያ ውስጥ የስሕተት ኮድ ያስቀምጣል፣ አንዳንዱ ሙሉውን የጃቫ ስታክ ትሬስ ይጥለዋል። የደንበኛሽ ስክሪን ላይ የሚታየው የትኛው እንደሆነ አሁን ነው መወሰን ያለብሽ።»